ድምፅና ዳታ በአንድ መስመር፦ ትርፉ ከየት ይመጣል?

ከሃያና ሠላሳ ዓመት በፊት የተሠራ የቢሮ ሕንፃ ግድግዳው ቢፈተሽ ሁለት ዓይነት ሽቦ ጎን ለጎን ተዘርግቶ ይገኛል። አንደኛው የስልክ ነው፤ ከየጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ ማከፋፈያ ሳጥኑ፣ ከዚያም ወደ ማዞሪያው ይሄዳል። ሁለተኛው የኮምፒውተር ነው፤ ማረፊያው የሰርቨር ክፍሉ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች የየራሳቸው ባለሙያ፣ የየራሳቸው የጥገና ውል፣ የየራሳቸው የወር ሒሳብ ነበራቸው። ድምፅንና ዳታን በአንድ ኔትወርክ የማስኬድ ሐሳብ ወደ ሥራ አስኪያጆች ጠረጴዛ የመጣው ይህን ድርብ ወጪ ይዞ ነው፦ አንድ መሥሪያ ቤት ለመነጋገር ሁለት ጊዜ ለምን ይከፍላል?

ጥያቄው ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ሲጠየቅ የኖረ ነው። የመሣሪያ ሻጮች መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም የሚያልቀውም በስልክ ሒሳብ ላይ ነው፤ “ጥሪ ይረክስላችኋል” ይላሉ። እኔ ነገሩን ስመረምረው የደረስኩበት ከዚህ ይለያል። የጥሪ መርከስ ከጥቅሞቹ ሁሉ ቀድሞ የሚታይ፣ ቀድሞም የሚደርቅ ነው። የሚዘልቀው ትርፍ የሚመጣው ጥሪው ከሥራው፣ ከደንበኛው መዝገብና ከተቋሙ ቁጥር ጋር ሲተሳሰር ነው። ያንን የሚያገኘውም ኔትወርኩን ለድምፅ ብሎ ያዘጋጀ ተቋም ብቻ ነው።

የተያዘ መስመርና የጋራ መንገድ

በድሮው አሠራር አንድ ሰው ሲደውል ከእርሱ እስከ ተደወለለት ሰው ያለው መስመር ጥሪው እስኪዘጋ ድረስ ለሁለቱ ብቻ ይያዛል። ዲጂታል ማዞሪያዎች ከመጡ ወዲህ የዚህ የተያዘ መስመር ልክ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ሆነ፤ ድምፁ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፣ እያንዳንዱ ልኬት በ8 ቢት ይጻፋል። አንዱ ሲናገር ሌላው ስለሚያዳምጥ በየአቅጣጫው ከግማሽ የማያንሰው ጊዜ ዝምታ ነው። መስመሩ ለዝምታውም ተይዟል። ኮንትራት ታክሲ ይዞ እንደ መሄድ ነው፤ ወንበሮቹ ባዶ ቢሆኑም ሌላ ተሳፋሪ አይገባም። ዳታ የሚጓዘው ደግሞ እንደ ሚኒባስ ተሳፋሪ ነው። መልእክቱ ፓኬት ወደሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱ ፓኬት የመድረሻ አድራሻውን ይዞ ከሌሎች ሰዎች ፓኬቶች ጋር በአንድ መንገድ ይጓዛል።

የፓኬቱን ሐሳብ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ፖል ባራንና ብሪታንያዊው ዶናልድ ዴቪስ ለየብቻቸው ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1974 ተመራማሪው ዳኒ ኮኸንና ባልደረቦቹ የኢንተርኔት ቅድመ አያት በሆነው በአርፓኔት ላይ የሰው ድምፅ በፓኬት አስተላለፉ። ሐሳቡ ወደ ገበያ ለመውጣት ግን ሃያ ዓመት ፈጀበት። በ1995 ቮካልቴክ የተባለ የእስራኤል ኩባንያ በተራ የግል ኮምፒውተር የሚሠራ የኢንተርኔት ስልክ ሸጠ። ቀጥሎ የጋራ ቴክኒካዊ ደረጃዎች መጡ፤ በ1996 ኤች.323፣ በ1999 ደግሞ ዛሬ አብዛኞቹ የቢሮ ስልኮች የሚግባቡበት ሲፕ። በዚያው በ1999 አስቴሪስክ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ተጀመረ፤ ተራ ኮምፒውተርን የቢሮ ማዞሪያ ማድረግ ያስቻለ በመሆኑ ለአነስተኛ ድርጅቶች ትልቅ በር የከፈተ ነው።

የመጀመሪያው ተስፋ ስሌት

ተስፋው ቀላል ነበር። ዋና መሥሪያ ቤቱና ቅርንጫፎቹ ለኮምፒውተር ብለው የተከራዩት መስመር አለ፤ የቅርንጫፎቹ የእርስ በርስ ጥሪ በዚያው መስመር ቢሄድ የረጅም ርቀት ስልክ ሒሳብ ይቀራል። ስሌቱ ግን ብዙ ጊዜ ተሸፋፍኖ የሚያልፍ ነገር አለበት። ድምፁ እንዳለ ሳይታመቅ በፓኬት ቢላክ የሚወስደው ቦታ ከድሮው ይበልጣል። በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ የሚሰበሰበው ድምፅ 160 ባይት ነው፤ በላዩ የሚለጠፈው የአድራሻና የቁጥጥር ጽሑፍ 40 ባይት ይሆናል። 64 የነበረው 80 ኪሎቢት ሆነ ማለት ነው። መዋሐዱ ብቻውን የቆጠበው ነገር የለም።

ቁጠባውን ያመጣው ማመቅ ነው። ጂ.729 የሚባለው የማመቂያ ዘዴ ድምፁን ወደ 8 ኪሎቢት ያወርደዋል፤ ከነአድራሻው 24 ኪሎቢት ይደርሳል። በድሮው አሠራር 30 ጥሪ የሚይዝ ኢ1 መስመር ለድምፁ ብቻ 1,920 ኪሎቢት ያዝ ነበር፤ በዚህ ዘዴ 30ዎቹ ጥሪዎች በ720 ኪሎቢት ይሄዳሉ፤ የአድራሻው ጽሑፍም ሲታመቅ ከ400 ኪሎቢት በታች ይወርዳሉ። ሁለት ሜጋቢት መስመር ውድ በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ፋይበር በገባበት ሕንፃ 30 ጥሪ ሳይታመቅ ቢሄድ እንኳ 2.4 ሜጋቢት ነው፤ ማንም አያየውም። የመስመሩም የጥሪውም ዋጋ እየወረደ ሲመጣ በደቂቃ ዋጋ ላይ የቆመው ክርክር አብሮ ሟሸሸ። ዛሬ በዚህ ምክንያት ብቻ አዲስ ሥርዓት የሚገዛ ድርጅት መሣሪያው ሳያረጅ ስሌቱ ያረጅበታል።

ብዙም የማይወራለት፣ ግን እስካሁን የሚሠራ ሌላ ቁጠባ አለ። አግነር ኤርላንግ የተባለ ዴንማርካዊ የሒሳብ ሊቅ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ ለአንድ የጥሪ መጠን ስንት መስመር እንደሚበቃ የሚያሰላ ቀመር አውጥቷል። ቀመሩ ከመቶ ዓመት በኋላም ትክክል ነው። አምስት ቅርንጫፎች አሉ እንበል፤ በሥራ ሰዓት በየቅርንጫፉ በአማካይ ሁለት የውጭ ጥሪ በአንድ ጊዜ ይካሄዳል። ከመቶ ጥሪ ከአንድ በላይ “መስመሩ ተይዟል” እንዳይባል እያንዳንዱ ቅርንጫፍ 7 መስመር ያስፈልገዋል፤ ድምሩ 35 ነው። የአምስቱም የውጭ ጥሪ በጋራ ኔትወርኩ ተሰብስቶ በአንድ በር ቢወጣ ግን በዚያው ጥራት 18 መስመር ይበቃል። አንዱ ቅርንጫፍ ሲጨናነቅ ሌላው ስለሚያርፍ መስመሩን ይዋዋሳሉ። ይህ ቁጠባ ቅርንጫፍ በበዛ ቁጥር ያድጋል እንጂ አይቀንስም።

ጥሪው ከሥራው ጋር ሲተሳሰር

የቢሮ ማዞሪያ ያስተዳደረ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፦ ሠራተኛ ጠረጴዛ በቀየረ ቁጥር ቴክኒሻን ይጠራል፣ ሽቦ ይነቀላል፣ ሽቦ ይሰካል፣ የውስጥ መስመር ዝርዝሩ እንደገና ይታተማል። ድምፅን በኢንተርኔት ፓኬት በሚልክ ስልክ (በአይፒ ስልክ) ሠራተኛው መሣሪያውን ነቅሎ አዲሱ ጠረጴዛ ላይ ይሰካዋል፤ ቁጥሩ ተከትሎት ይሄዳል። ስልኩ ራሱ ሁለት መሰኪያ ስላለው ኮምፒውተሩ ከስልኩ ጋር ይያያዛል፤ ለአንድ ጠረጴዛ አንድ ኬብል ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ደግሞ የስልኩ ኤሌክትሪክ በዚያው ኬብል ኬብሎቹ ከሚገናኙበት መሣሪያ፣ ከስዊቹ፣ እንዲመጣ የሚያደርግ ደረጃ አለ። ከመሠረቱ አዲስ የሚሠራ ሕንፃ የሽቦ ሥራው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ ግንባታ በበዛበት ከተማ ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ አሮጌ ማዞሪያና አሮጌ ሽቦ የሌለው ድርጅት የሚያፈርሰው ስለሌለ ከውሕደቱ የሚያገኘው ከማንም ይበልጣል።

ከዚህ የሚበልጠው የቁጥሩ ጉዳይ ነው። በብዙ ድርጅቶቻችን ደንበኛው የሚያውቀው የሽያጭ ሠራተኛውን ወይም የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁን የግል ሞባይል እንጂ የድርጅቱን ቁጥር አይደለም። የቢሮው መደበኛ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ሥራው ግን በኪስ ስልክ ይሠራል። ሠራተኛው ፈቃድ ሲወጣ ደንበኛው መልስ ያጣል፤ ሥራ ሲለቅ ደንበኞቹን በስልኩ ይዞ ይሄዳል። ስንት ሰው ደውሎ እንዳልተነሣለት፣ ምን እንደታዘዘ፣ ምን ቃል እንደተገባ የሚያውቅ የለም። ድምፁ ከዳታው ጋር ሲዋሐድ የሠራተኛው የውስጥ መስመር በኪሱ ባለው ስልክ በመተግበሪያ ሊጮህ ይችላል። ደንበኛው የሚያየው የድርጅቱን ቁጥር ነው። ሠራተኛው ካላነሣ ጥሪው ወደ ባልደረባው ያልፋል፣ ያመለጠው ጥሪም ይመዘገባል። ከጥቅሞቹ ሁሉ አንድ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ፤ ደንበኛን የተቋም ሀብት የሚያደርገው ይህ ነውና።

ሁለተኛው የጥሪ ማዕከል ነው። በድሮው ማዞሪያ መልስ ሰጪዎቹ ሁሉ ማዞሪያው ባለበት ሕንፃ መቀመጥ ነበረባቸው። በአይፒ ኔትወርክ ግን መልስ ሰጪው ኔትወርኩ በደረሰበት ሁሉ ይቀመጣል። እንደ ኢትዮጵያ ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት አገር ይህ የሚሰጠው ጥቅም ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ደንበኛው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማልኛ ሲመርጥ ጥሪው ባሕር ዳር፣ አዳማ፣ መቀሌ ወይም ጅግጅጋ ወዳለ መልስ ሰጪ መሄድ ይችላል። ሶማልኛ ተናጋሪ ሠራተኛ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ እንዲኖር ማድረግ አያስፈልግም፤ ጅግጅጋ ያለው ቅርንጫፍ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና ጥሩ መስመር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ቢሮዎችን ሲዘጋ የጥሪ ማዕከላቸው በአይፒ የሚሠራ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን ከላፕቶፕና ከማዳመጫ ጋር ወደ ቤት የላኩትም በዚህ አቅም ነው።

በዚህ ላይ የደንበኛው መዝገብ ሲጨመር ነገሩ ይሟላል። ጥሪው ሲገባ የደዋዩ ቁጥር በዳታ ቋቱ ይፈለጋል፤ መልስ ሰጪው “ሄሎ” ከማለቱ በፊት የደንበኛው ስም፣ ያለፈው አቤቱታና ያልተጠናቀቀው ጉዳይ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ባንክ ከሆነ ንግግሩ ተቀድቶ ከሒሳቡ መዝገብ ጋር ይያያዛል፤ ክርክር ቢነሣ ማስረጃ አለ። ደንበኛው ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው በተላለፈ ቁጥር ታሪኩን ከመጀመሪያ አይተርክም።

ከወረዳኔት እስከ መርካቶ

ኢትዮጵያ ይህን መንገድ የጀመረችው ብዙ ሰው ከሚገምተው ቀድማ ነው። ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት ኔትወርክ ከ1990ዎቹ (ዓ.ም.) አጋማሽ ወዲህ ከ500 በላይ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ሲያገናኝ በአንድ የአይፒ መሠረት ላይ የቪዲዮ ስብሰባ፣ ኢንተርኔትና ስልክ እንዲያስኬድ ታስቦ ነው። ጥቅሙ ለሚያስብ ሰው ግልጽ ነው፤ ለግማሽ ቀን ስብሰባ የሁለት ቀን መንገድ ይጓዝ የነበረ የወረዳ ኃላፊ ከቢሮው ሳይወጣ ይሳተፋል። የነዳጁ፣ የውሎ አበሉና የባከነው የሥራ ቀን ቁጠባ በየትኛውም የስልክ ሒሳብ ላይ አይጻፍም፤ ስለዚህም በአዋጭነት ጥናቶች ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በዚያው ዘመን ሕጉ ሌላ ነበር። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 281 ድምፅንና ፋክስን በኢንተርኔት መላክን ከለከለ፤ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ ቅጣቱን አጠበቀ። ምክንያቱን መረዳት ይቻላል። ከዋሽንግተን፣ ከሪያድና ከቤይሩት የሚገባ ጥሪ ለብቸኛው ኦፕሬተር የውጭ ምንዛሪ ያስገኝ ነበር። ጥሪው በኢንተርኔት መጥቶ አገር ውስጥ በሲም ካርድ ሳጥን ሲወጣ ገቢው ይቀራል፤ ዘመድ ከውጭ ሲደውል የአገር ውስጥ ቁጥር የሚታየውም በዚህ ነው። የገቢው ሥጋት እውነት ነበር። ነገር ግን ክልከላው ከኮንትሮባንድ ጥሪ ነጋዴው ጋር ቅርንጫፎቹን ለማገናኘት ያሰበውን ሕጋዊ ድርጅትም አስፈራ፤ ፋብሪካው፣ አስጎብኚው፣ ላኪው ሁሉ “ቮይፕ” (ድምፅ በኢንተርኔት) የሚለውን ቃል ከወንጀል ጋር አያይዘው ለዓመታት ቆዩ። በዚህ የባከነው ጊዜ ይቆጨኛል። ኢትዮጵያ ብቻዋን አልነበረችም፤ ሳዑዲ ዓረቢያ የኢንተርኔት ጥሪ እገዳዋን ያነሣችው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም ገደቡ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል።

የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ገበያውን ከፈተ፤ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ሳፋሪኮም ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። ለድርጅቶች የዚህ ትርጉም ሁለት ኦፕሬተር መኖሩ ነው። አንዱ ዋና መስመር፣ ሌላው መጠባበቂያ ሊሆን ይችላል፤ ድምፁና ዳታው በአንድ መስመር በሆነበት ቤት ደግሞ መጠባበቂያ የግድ ነው።

ከትልልቆቹ ተቋማት ቀድሞ ድምፅንና ዳታን ያዋሐደው ነጋዴው ነው። መርካቶ ውስጥ አንድ የጨርቃ ጨርቅ አስመጪ የዕቃውን ፎቶ በቴሌግራም ይልካል፣ በዚያው ስልክ ዋጋ ይከራከራል፣ በዚያው ስልክ ክፍያውን በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ይቀበላል፣ የጭነቱን ደረሰኝ መልሶ ይልካል። ድምፅ፣ ሥዕልና ገንዘብ በአንድ መሣሪያ ገብተዋል። ከጥሪ ዋጋ ያተረፈው ትንሽ ነው፤ ትርፉ ትዕዛዙ፣ ማስረጃውና ክፍያው አንድ ቦታ መሆናቸው ነው። የጎደለው ነገር መዝገቡ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ መቅረቱ ነው። ስልኩ ሲጠፋ ንግዱ አብሮ ይጠፋል፤ ለወንድሙ ወይም ለልጁ ሊያስረክበው ቢፈልግ የሚያስረክበው የሥራ ታሪክ የለውም።

ባንኮቻችን በሌላኛው ጫፍ ናቸው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብቻውን ከ1,800 በላይ ቅርንጫፎች አሉት፤ ሒሳብ በየትኛውም ቅርንጫፍ እንዲንቀሳቀስ ሲባል የዳታ መስመር በየቅርንጫፉ መድረስ ነበረበት። ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ከባዱ ወጪ ወጥቷል ማለት ነው። ድምፅን በዚያ ላይ ለመጨመር የሚቀረው ወጪ ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው፤ ቅርንጫፍ ያላቸው ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ከማንም ቀድመው ማሰብ ያለባቸውም ለዚህ ነው።

የሕንዱ ጂዮ

በኦፕሬተር ደረጃ ትምህርት የሚሆነው ጂዮ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2016 ሥራ ሲጀምር ሁለተኛና ሦስተኛ ትውልድ ኔትወርክ ጨርሶ አልሠራም፤ ሁሉም ነገር በአራተኛው ትውልድ በአይፒ ይሄዳል፣ ድምፅም ከዳታው አንዱ ነው። ስለዚህ ጥሪን በነፃ ሰጥቶ ዳታን ብቻ ሸጠ። በ170 ቀናት ውስጥ 100 ሚሊዮን ደንበኛ አገኘ። ብዙዎቹ ተፎካካሪዎቹ ለድምፅ አንድ፣ ለዳታ ሌላ መሠረት ተሸክመው ሊከተሉት ተቸገሩ፤ አንዳንዶቹ ተዋሐዱ፣ አንዳንዶቹ ከገበያ ወጡ።

ታሪኩ አንድ መጨረሻ አለው፤ ለማንኛውም ድርጅት ይጠቅማል። ጂዮ ከኦክቶበር 2019 እስከ 2020 መጨረሻ ድረስ ወደ ሌላ ኦፕሬተር ለሚደወል ጥሪ በደቂቃ 6 ፓይሳ አስከፈለ፤ ለሌሎቹ ኦፕሬተሮች የመዳረሻ ክፍያ መክፈል ነበረበትና። በራስ ኔትወርክ ውስጥ ያለ ጥሪ ነፃ ሊሆን ይችላል፤ ከራስ ኔትወርክ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ሒሳብ ይጠይቃል። አንድ ድርጅት ቁጠባውን ሲያሰላ ከጥሪዎቹ ስንቱ የውስጥ፣ ስንቱ የውጭ እንደሆነ መለየት ያለበት ለዚህ ነው። አብዛኛው ጥሪው ወደ ደንበኛ ሞባይል የሆነ ቤት ከጥሪ ዋጋ የሚያተርፈው ብዙ አይደለም።

መብራት ሲጠፋ

ከማዋሐድ የሚጠፋም ነገር አለ፤ ዋናው ኤሌክትሪክ ነው። የድሮው መደበኛ ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከቴሌ ማዞሪያ ጣቢያ በሽቦው ከሚመጣ 48 ቮልት ነው። የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ስልኩ ይሠራል። በአይፒ ስልክ ራውተሩ፣ ስዊቹና ስልኩ ሁሉ መብራት ይፈልጋሉ። ብሪታንያ አሮጌውን የስልክ ኔትወርክ ለመዝጋት ስትነሣ ያጋጠማት ይኸው ነው። ቤታቸው ሲወድቁ በአንድ ቁልፍ እርዳታ የሚጠሩበት መሣሪያ ያላቸው 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው፤ የብዙዎቹም መሣሪያ በአሮጌው መስመር ላይ የተመሠረተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ አንዳንዶቹ ወደ አዲሱ ከተዛወሩ በኋላ መሣሪያቸው እንዳልሠራ ሲታወቅ ያለ ፈቃድ ማዛወር እንዲቆም ተደረገ፤ የመዝጊያው ቀንም ከ2025 መጨረሻ ወደ ጃንዋሪ 2027 ተገፋ።

በእኛ አገር መብራት መጥፋት እንግዳ ነገር አይደለምና መጠባበቂያ ባትሪ (ዩፒኤስ) እና ጀነሬተር ከስልኩ ግዢ ጋር አብረው ካልተቆጠሩ ስሌቱ ውሸት ነው። ስልኮቹ ኃይል በኬብል ከስዊቹ የሚያገኙ ከሆነ ባትሪውን ለአንድ ክፍል ብቻ ማዘጋጀት ይበቃል። ከሁሉ በፊት ደግሞ በየሕንፃው ተደብቀው ያሉትን አሮጌ መስመሮች መቁጠር ያስፈልጋል፦ የአሳንሰሩ የአደጋ ስልክ፣ የጥበቃ ቤቱ፣ የካዝናው ማንቂያ፣ አሮጌው ፋክስ። እነዚህ በማንም ዝርዝር ላይ አይገኙም፤ የሚታወሱት መስመሩ የተቆረጠ ቀን ነው።

ሁለተኛው የጥራት ጉዳይ ነው። ኢሜይል ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ የሚያስተውል የለም፤ የዘገየ የድምፅ ፓኬት ግን ከንቱ ነው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ከአፍ ወደ ጆሮ ለመድረስ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ባይፈጅ ይመረጣል ይላል። በ35,786 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ በምትገኝ ሳተላይት የሚያልፍ ድምፅ ወጥቶ እስኪወርድ ብቻ ከ230 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ በሳተላይት የተገናኘ ወረዳ ስብሰባ ላይ ሰዎች እርስ በርስ የሚደራረቡት ሥነ ምግባር ጎድሏቸው አይደለም። በምድር ፋይበር ይህ ችግር የለም፤ ችግሩ መጨናነቅ ነው። አንድ ሠራተኛ ትልቅ ፋይል ሲያወርድ የሌላው ጥሪ ይቆራረጣል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ የድምፅ ፓኬቶች ምልክት ተደርጎባቸው በራውተሩ ወረፋ ቅድሚያ ያገኛሉ። ምልክቱ ግን የሚከበረው በራስ ኔትወርክ ወይም ኦፕሬተሩ በውል በተስማማበት መስመር ላይ ነው፤ ወደ ሕዝቡ ኢንተርኔት ከወጣ በኋላ ማንም አያየውም። ርካሽ የቤት ኢንተርኔት ገዝቶ የቢሮ ስልክ የሰቀለበት ድርጅት ጥፋቱን በስልኩ ላይ የሚያሳብበው ይህን ባለማወቅ ነው።

የደኅንነቱ ነገር አጭር ነው። ስልኩ ኮምፒውተር ከሆነ እንደ ኮምፒውተር ይሰረቃል። ደካማ የይለፍ ቃል ያለው የአይፒ ማዞሪያ ሲገኝ ሌቦች በሳምንት መጨረሻ ሌሊት ገብተው በውድ ወደሚከፈልባቸው የውጭ ቁጥሮች ይደውላሉ፤ ሰኞ ጠዋት ባለቤቱ የሚያየው ሒሳቡን ነው። ዓለም አቀፍ ጥሪ ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ መክፈት፣ የቀን ጣሪያ ማስቀመጥና ማዞሪያውን ለኢንተርኔት አለማጋለጥ አብዛኛውን ይከላከላል።

የሚቀረው የሰው ጉዳይ ነው፤ ፕሮጀክቶች የሚሰናከሉትም ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። በበርካታ መሥሪያ ቤቶቻችን ስልክ በጠቅላላ አገልግሎት ሥር፣ ኮምፒውተር በአይቲ ክፍል ሥር ነው። አዲሱ ሥርዓት ሲመጣ ለአይቲው ይሰጣል፤ የማዞሪያ ሠራተኞቹ ይረሳሉ። ነገር ግን የትኛው ቁጥር ሌሊት መጮህ እንዳለበት፣ የትኛው ኃላፊ ጥሪው በቀጥታ እንዲገባለት እንደሚፈልግ፣ ወር መጨረሻ ላይ የትኛው ክፍል እንደሚጨናነቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የድሮ ስልክ ባለሙያ በዓመት ከአምስት ደቂቃ በላይ የማይቋረጥ አገልግሎትን እንደ ግዴታ ቆጥሮ ያደገ ነው፤ ሰርቨር አጥፍቶ ማስነሣት ለአይቲ ባለሙያ የዘወትር ሥራ ነው፤ የሆስፒታል ስልክ ላይ ግን እንዲህ አይደረግም። ሁለቱ ልምዶች በአንድ ክፍል ካልተቀመጡ የተዋሐደው ሽቦው ብቻ ነው። ስለዚህ የጨረታ ሰነዱ ሲዘጋጅ የቁጥሮቹ መዝገብ በማን እጅ እንደሚሆን በግልጽ ይጻፍ፤ የማዞሪያ ሠራተኞቹም ስም በሥልጠናው ዝርዝር ላይ ይግባ፤ ይህም አሮጌው ማዞሪያ ከመነቀሉ በፊት ይሁን።